ሳይቆጠሩ የቆዩት መርከበኞች

ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስንማር የጄኔራሎቹን ስም በቃላችን አጥንተናል። ታንኩንና ነዳጁን፣ ጥይቱንና ስንቁን ውቅያኖስ አሻግሮ ያደረሰው ማን እንደ ሆነ ግን አልጠየቅንም። ያደረሱት የንግድ መርከበኞች ናቸው። እዚህ የምንጽፈው ስለ አሜሪካኖቹ ነው፤ ዓመቶቹም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከእነዚህ ሰዎች መካከል ጦር ሠራዊቱ በዕድሜ ወይም በአካል ጉድለት ምክንያት ያልተቀበላቸው ይገኙ ነበር። ባሕሩ ግን ሁሉንም ተቀበለ፤ በሺህ የሚቆጠሩት እንደ ወጡ ቀሩ።

ሴፕቴምበር 27 ቀን 1942 ዓ.ም. «ስቲፈን ሆፕኪንስ» የተባለችው የጭነት መርከብ በደቡብ አትላንቲክ ስትጓዝ «ሽቲር» ከሚባል የጀርመን የጦር መርከብ ጋር ተገናኘች። ጀርመኑ ስድስት ታላላቅ መድፎች ነበሩት፤ እርስዋ አንድ ብቻ። ሆኖም እጅ አልሰጠችም። የባሕር ኃይል መድፈኞች ሲወድቁ ኤድዊን ኦሃራ የተባለ የመርከብ ሞተር ተማሪ ወደ መድፉ ሮጦ የቀሩትን አምስት ጥይቶች ተኮሰና እዚያው ሞተ። ዕድሜው 18 ዓመት ነበር፤ የእኛው እኩያ መሆኑ ነው። ሁለቱም መርከቦች ሰጠሙ። ከሆፕኪንስ የተረፉት 15 ሰዎች በአንዲት ጀልባ 31 ቀን ተጉዘው ብራዚል ደረሱ።

እንግዲህ በአንድ መርከብ ላይ፣ በአንድ መድፍ ዙሪያ የተዋጉት በሁለት መዝገብ ተጻፉ። መድፈኛው የጦር ባለሟል ተባለ፤ መርከበኛው ተራ ሠራተኛ። በ1944 ዓ.ም. ከጦር ሜዳ ለሚመለሱት የትምህርትና የቤት መሥሪያ እርዳታ የሚሰጥ ሕግ ሲወጣ መርከበኞቹ አልገቡበትም። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ሕጉን ሲፈርሙ ምክር ቤቱ ለእነርሱም ተመሳሳይ ነገር እንደሚያደርግ ተስፋቸውን ገልጸው ነበር፤ በሚያዝያ 1945 ዓ.ም. ግን ሞቱ፤ ነገሩም ተዳፍኖ ቀረ። ደመወዛቸው ከወታደር ይበልጣል እየተባለም ይታሙ ነበር። ይህ ሐሜት ሚዛን የሚደፋ አይመስለንም፤ ቶርፔዶ ደመወዝ አይጠይቅምና።

መርከበኞቹ መንግሥትን ከሰሱ። በ1987 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ ጥያቄያቸው ያለ በቂ ምክንያት መከልከሉን ፈረደ፤ በጃንዋሪ 1988 ዓ.ም. የጦር ባለሟልነታቸው ታወቀ። በ1942 ዓ.ም. 18 ዓመት የነበረው ልጅ ያን ጊዜ 64 ዓመቱ ነው። ሐኪም ቤትና በሬሳ ሣጥኑ ላይ የሚለብስ ሰንደቅ ዓላማ ተፈቀደለት። የ1944ቱ ሕግ የትምህርት እርዳታ ግን በ1956 ዓ.ም. ተዘግቶ ነበር።