በሰው ጥፍር ማከክ፦ «እከክልኝ ልከክልህ» በእንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ጀርባዬን እከክልኝ፣ እኔም ያንተን ልከክልህ» ይላሉ። አማርኛም «እከክልኝ ልከክልህ» ስለሚል የፈሊጡ ፍቺ አያከራክርም፤ ዛሬ የተዋለ ውለታ ነገ በውለታ ይመለሳል ማለት ነው። የሚያከራክረው አጠቃቀሙ ነው። ሰው ስለ ራሱ ሲናገረው ቀልድ ቢጤ ነው፤ ሁለት ባልደረቦች የሥራ ተራ ሲቀያየሩ ወይም አንዱ የሌላውን ረቂቅ ሲያርምለት ይባባሉታል። ስለ ሌሎች ሲነገር ግን ክስ ነው። የለንደን ወይም የኒውዮርክ ጋዜጣ ባለሥልጣንና ነጋዴን አንድ ላይ አንሥቶ ይህን ፈሊጥ ካከለበት፣ አንባቢው ሙስና እየተጠረጠረ መሆኑን ወዲያው ይረዳል። አንድ አባባል የጉርብትናም የወንጀልም መጠሪያ የሚሆነው እንዴት ነው? ብዙዎች «እንደ አነጋገሩ ነው» ብለው ያልፉታል። እኔ ግን ልዩነቱን የሚወስነው ሰዎቹ የሚለዋወጡት ነገር ባለቤት ማን ነው የሚለው ጥያቄ ነው ባይ ነኝ።

ስለ ፈሊጡ አመጣጥ አዘውትሮ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። በእንግሊዝ ባሕር ኃይል ጥፋተኛ መርከበኛ ባለ ዘጠኝ ጅራት አለንጋ በባልደረባው እጅ ይገረፍ ስለነበር፣ መርከበኞቹ «ቀስ ብለህ ግረፈኝ፣ ተራህ ሲደርስ እኔም እንዲሁ አደርጋለሁ» ተባባሉ ይባላል። ታሪኩ ለጨዋታ ይጥማል፤ ማስረጃ ግን አልቀረበለትም። ሐሳቡም ከዚያ ባሕር ኃይል እጅግ ይቀድማል። ሮማውያን «በቅሎዎች እርስ በርስ ይተካከካሉ» የሚል ተረት ነበራቸው፤ የሮተርዳሙ ኤራስመስም በምሳሌዎች ስብስቡ አስፍሮታል። ከዚህ ይበልጥ የሚገርመው ሮማዊው ፈላስፋ ሴኔካ ንጉሠ ነገሥት ክላውዲየስ በ54 እ.ኤ.አ. ከሞተ በኋላ ጻፈው የሚባለው ስላቅ ነው። እዚያ አማልክት ሟቹን ከመካከላቸው ይቀበሉት እንደሆነ በሸንጎ ሲመክሩ፣ ሄርኩለስ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተሯሯጠ ድምፅ ይለምናል። ዛሬ ከደገፋችሁኝ ነገ በእናንተ ጉዳይ ውለታችሁን እመልሳለሁ ይላቸዋል፤ «እጅ እጅን ያጥባል» የሚለውንም ተረት ይጠቅሳል። ስለ ምክር ቤት ድምፅ ንግድ ከዚህ የተሻለ ጥንታዊ ሥዕል አላውቅም።

ወደ በቅሎዎቹ ልመለስ። የሥነ ሕይወት ተመራማሪው ሮበርት ትሪቨርስ በ1971 እ.ኤ.አ. ዝምድና በሌላቸው እንስሳት መካከል መረዳዳት ሊዳብር የሚችለው ውለታው የሚመለስ ሲሆን እንደሆነ በንድፈ ሐሳብ አሳየ። ከዚያ ወዲህ የተከማቸው የመስክ ጥናት ብዙ ነው። ኢምፓላ የተባሉት የአፍሪካ የዱር እንስሳት ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ የየራሳቸው አፍ የማይደርስበትን አንገትና ራስ በየተራ ያጸዳዳሉ። ሮበርት ሴይፋርትና ዶሮቲ ቼኒ በ1984 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የኬንያ አምቦሴሊ ጥናት፣ ጦጣዎች ዘመዳቸው ያልሆነች ጦጣ ለእርዳታ ስትጮህ ይበልጥ ጆሮ የሚሰጧት ጥቂት ቀደም ብላ ፀጉራቸውን ለቃቅማላቸው ከነበረ ነው። ሮቢን ደንባር ደግሞ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በሰሜን ተራሮች ጭላዳ ዝንጀሮዎችን አጥንቶ ነበር። በ1996 እ.ኤ.አ. ባወጣው መጽሐፍ በዝንጀሮና በጦጣ መንጋ ወዳጅነትን የሚያጸናው ፀጉር መለቃቀም መሆኑን፣ በሰው ዘንድም ይህን ሥራ ወሬ እንደተካው ተከራክሯል። ይህ የመጨረሻው ሐሳብ አሁንም ክርክር አለበት። ለእኛ ጉዳይ የሚበቃው ግን ይህ ነው፦ በዚህ ሁሉ አካኪው የሚያወጣው የገዛ ጉልበቱንና ጊዜውን ነው፤ ከውሉ ውጭ ያለ ሦስተኛ ወገን ምንም አይከፍልም።

የሰው ውል የሚከብደው ሁለቱ ውለታዎች በአንድ ጊዜ ስለማይፈጸሙ ነው። ፈላስፋው ዴቪድ ሂዩም በ1740 እ.ኤ.አ. ይህን በሁለት ገበሬዎች ምሳሌ አስረድቷል። የአንዱ እህል ዛሬ ደርሷል፣ የሌላው ነገ ይደርሳል፤ ቢረዳዱ ሁለቱም ይጠቀማሉ፤ ግን መተማመን ስለሌለ ለየብቻቸው ሲለፉ ሁለቱም አዝመራቸውን ያጣሉ። የኢትዮጵያ ገበሬ ይህን ችግር በወንፈል ፈትቶታል። አንድ ቀን ያረሰልህን አንድ ቀን ታርስለታለህ፤ የቀረ ሰው በመንደሩ ይታወቃል፣ የሚቀጥለው ክረምትም ሩቅ አይደለም።

የአሜሪካ ጫካ መንጣሪዎችም የራሳቸው ወንፈል ነበራቸው፤ አንድ ሰው የማይችለውን ግንድ ጎረቤቶች ተሰብስበው ያንከባልሉለት ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን «ግንድ ማንከባለል» የሚለው ስም ወደ ምክር ቤት ገብቶ የድምፅ መለዋወጥ መጠሪያ ሆነ። ዝርያው የተቀየረው እዚህ ላይ ነው። ገበሬው የሰጠው የገዛ ጉልበቱን ነበር፤ የምክር ቤት አባል የሚሰጠው ድምፅ ግን የመራጮቹ አደራ ነው፣ ሂሳቡንም የሚከፍለው ግብር ከፋዩ ወይም ሸማቹ ነው።

የ1930ው የስሙት-ሆውሊ የታሪፍ ሕግ ለዚህ ዋና ማስረጃ ነው። ሐሳቡ ሲጀመር ገበሬን ለመደጎም ነበር። የአንዱ አካባቢ ተወካይ ለስኳር፣ የሌላው ለጫማ ቀረጥ እንዲጨመርለት እየጠየቀ፣ አንዱ የሌላውን እየደገፈ ሕጉ አበጠ። 1,028 የኢኮኖሚ ባለሙያዎች ፕሬዚዳንት ሁቨር እንዳይፈርም በጽሑፍ ተማጸኑ፤ እሱ ግን ሰኔ 17 ቀን 1930 እ.ኤ.አ. ፈረመ። ካናዳን ጨምሮ ብዙ አገሮች አጸፋውን መለሱ። ከአራት ዓመት በኋላ ኮንግረስ ታሪፍ የመደራደርን ሥልጣን ለፕሬዚዳንቱ አሳልፎ ሰጠ፤ ራሱን ከራሱ ልማድ ለማዳን ያደረገው ይመስለኛል።

ሆኖም የድምፅ ልውውጥ ሁሉ በአንድ ሚዛን አይመዘንም። በ1964 እ.ኤ.አ. የከተማ ተወካዮች ለድሆች የምግብ ኩፖን የሚሰጠውን ሕግ፣ የገጠሮቹ ደግሞ የስንዴና የጥጥ ድጎማን ይፈልጉ ነበር፤ ተደጋግፈው ሁለቱንም አሳለፉ። ያ ጥምረት ያቆመው የምግብ እርዳታ ዛሬም በሚሊዮን የሚቆጠሩ አሜሪካውያንን ይመግባል። የኢኮኖሚ ምሁራኑ ጄምስ ቡካናንና ጎርደን ተሎክ በ1962 እ.ኤ.አ. እንደተከራከሩት፣ አንድን ጉዳይ አጥብቀው የሚፈልጉ ጥቂቶች ግድ የለሹን ብዙኃን የሚያሳምኑበት አንዱ መንገድ ይኸው ነው። ተሎክ ራሱ ግን ቀደም ሲል የመንገድ ጥገናን ምሳሌ አድርጎ አደጋውን አሳይቶ ነበር፦ የየራሳቸው መንገድ እንዲጠገን የተስማሙ አብላጫ ገበሬዎች ወጪውን በሁሉም ላይ ስለሚጥሉ ከሚገባው በላይ ያሠራሉ።

ድምፅ በድምፅ መሆኑ ቀርቶ ገንዘብ ሲገባበት ነገሩ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። እዚያም የፈሊጡ ስውር ባሕርይ፣ ማለትም ያልተነገረ ስምምነትና የዘገየ ውለታ፣ ዓቃብያነ ሕግን ያስቸግራል። የቀድሞው የቨርጂንያ አገረ ገዢ ቦብ ማክዶኔልና ባለቤቱ ከአንድ ነጋዴ ከ175,000 ዶላር በላይ ብድርና ስጦታ ተቀብለዋል ተብሎ በማክዶኔል ላይ ተፈርዶ ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2016 እ.ኤ.አ. ስብሰባ ማመቻቸትና ስልክ መደወል ብቻቸውን የመንግሥት ተግባር አይባሉም በማለት ፍርዱን በሙሉ ድምፅ ሻረው። በ2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ የፖርቴጅ ከተማ የቀድሞ ከንቲባ ጄምስ ስናይደር ጉዳይ ቀረበ። ከተማው ከአንድ ድርጅት የቆሻሻ መኪኖች ከገዛ በኋላ ከንቲባው ከሻጩ 13,000 ዶላር ተቀብሏል። ፍርድ ቤቱ የፌዴራሉ ሕግ የሚቀጣው አስቀድሞ የተዋዋሉበትን ጉቦ እንጂ ሥራው ካለቀ በኋላ የሚመጣውን ምስጋና አይደለም አለ። በእኔ እምነት ይህ ትርጓሜ የፈሊጡን ሁለተኛ አንጓ፣ «ልከክልህ» የሚለውን፣ ከዚያ ሕግ ውጭ አድርጎታል፤ ልምድ ያለው አካኪ ደግሞ አስቀድሞ መዋዋል አያስፈልገውም። ውሳኔው የተሰጠው በ6 ለ 3 ድምፅ ነው፤ ለክፍለ ግዛትና ለከተማ ሹማምንት የሚሰጠውን እንዲህ ያለውን ስጦታ የመከልከሉ ሥራ በአብዛኛው ለየክፍለ ግዛቱና ለየከተማው ሕግ አውጪ ቀርቷል።