«ስላች»፦ ገመዱም ባሕሩም ሲረግብ

በእንግሊዝ መርከበኞች አፍ የኖረ፣ ዛሬ ግን ከመዝገበ ቃላት ውጭ እምብዛም የማይገኝ ቃል ነው፤ «ስላች»። ብዙ ጊዜ በባሕር ላይ የሚሆን አጭር ጸጥታ ተብሎ ይፈታል። ይህ ፍች የቃሉን ዋና ጉልበት አስቀርቶ ያልፋል።

ቀድሞ የባሕር ወንበዴ የነበረው ሄንሪ ሜይንዋሪንግ እ.ኤ.አ. በ1616 ምሕረት አግኝቶ ወደ አገሩ ከገባ በኋላ የመርከበኞችን ቋንቋ በመዝገበ ቃላት አሰናዳ። ሥራው በእጅ እየተገለበጠ ቆይቶ በ1644 ታተመ። እዚያ ላይ «ስላች» ሁለት ፍች አለው። አንደኛው፣ ጫፉ ሳይሆን ወገቡ ላልቶ ከመርከቡ ውጭ የተንጠለጠለ ገመድ ነው፤ ሁለተኛው፣ ክፉ አየር ከሰነበተ በኋላ ለሥራ የምትበቃ አጭር ፋታ ናት። ቆይቶም በማዕበልና በማዕበል መካከል ላለው ረገብ ያለ ጊዜ ዋለ። ሥሩ መላላትን ከሚያመለክት ጥንታዊ የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ገመዱ ቀድሞ፣ አየሩ ተከትሎ የተሰየመ ይመስለኛል፤ መርከበኛ የነፋሱን መላላት የሚያውቀው መጀመሪያ በእጁ ነውና።

በአማርኛ ምን እንበለው? «ጋብታ» ለዝናብ ያምራል፤ ገመድ ግን ጋብ አይልም። «ጸጥታ» ደግሞ ነገሩ ያለቀ ያስመስላል። የተወጠረ ገመድ ይረግባል፤ ነፋስም ይረግባል። ስለዚህ «ርግበት» እላለሁ፤ ውጥረቱ ተመልሶ እንደሚመጣ ቃሉ ራሱ ያስታውሳልና።

ማዕበሉም ተመልሶ ይመጣል። ሁለት የማዕበል ጅረቶች በአንድ አቅጣጫ ሲጓዙ፣ የአንዱ ሞገድ በየ10፣ የሌላው በየ11 ሰከንዱ የሚደርስ ከሆነ፣ አንዳንዴ ይደጋገፋሉ፣ አንዳንዴ ይጣፋሉ። በስሌት በየ110 ሰከንዱ አንድ ርግበት ይገኛል። እውነተኛው ባሕር ብዙ ጅረቶች ስለሚደባለቁበት እንዲህ በልክ አይመላለስም፤ ስለዚህ ርግበቱን ለመያዝ ዓይን ያስፈልጋል።

የሸራ መርከብ ነፋሱን በፊቷ አቋርጣ ስትዞር ትልቅ ማዕበል ግንባሯን ቢመታት ፍጥነቷን ታጣለች፤ ፍጥነት ሲጠፋ መሪው ውኃውን ይዞ ማዞር አይችልም። ስለዚህ አዛዡ ዓይኑን ከነፋሱ መምጫ ሳይነቅል ትልልቆቹን ሞገዶች አንድ በአንድ ያሳልፋል። የመጨረሻው ከመርከቧ ሥር ሲወጣ «አዙር!» ይላል፤ የሸራው ገመድ በመርከበኞቹ መዳፍ ውስጥ ይላላል።