የከሰል ቆፋሪው ልጅ ቀይ ብርሃን

ስሙኝማ! ከአሶሳ ወደ ሰሜን ስትዘልቁ ሆሞሻን ታገኛላችሁ። አገሩ የወርቅ አገር ነው። የግብፁ መሐመድ ዓሊ ጦሩን ወደ ሱዳን ያዘመተው አንድም የዚህ ምድር ወርቅ አማልሎት ነው፤ የአሶሳው ሼህ ሆጀሌም ለምኒልክ የገበሩት ይህንኑ ነው። ዛሬም ወንዝ ዳር ያጎነበሰች ሴት አሸዋውን በገበቴ ታዞራለች፣ ታዞራለች። ጭቃው ይሄድና ከታች አንዲት ብጫ ነጥብ ትቀራለች።

ወርቅ ግን ለጆሮና ለጣት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ልጆች ግድግዳ ላይ ቀይ ነጥብ የሚያስሮጡበትን ሌዘር ብትፈለቅቁት ውስጡ ከአሸዋ ቅንጣት ብዙም የማይበልጥ ክሪስታል አለ። ኤሌክትሪክ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ከፀጉር በቀጠነ የወርቅ ሽቦ ነው።

የዚህን ክሪስታል ታሪክ ከጀመሩት አንዱ ደግሞ የማዕድን ሠራተኛ ልጅ ነው፤ ኒክ ሆሎኒያክ። በ1928 በፈረንጅ አቆጣጠር አሜሪካ ኢሊኖይ ውስጥ ተወለደ፤ አባቱ ከአውሮፓ ተሰደው የከሰል ድንጋይ ይቆፍሩ ነበር። በ1962 የጄኔራል ኤሌክትሪክ ባልደረባው ሮበርት ሆል ከጋሊየም አርሴናይድ ሌዘር አወጣ፤ ብርሃኑ ግን ለዓይን አይታይም። ሆሎኒያክ የፈለገው የሚታየውን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሴሚኮንዳክተር በሚባለው በዚህ ዓይነቱ ክሪስታል ውስጥ ኤሌክትሮን ከላይኛው እርከን ወደ ታችኛው ሲወርድ ያራገፈው ጉልበት ብርሃን ሆኖ ይወጣል። ቀለሙን የሚወስነው የእርከኑ ከፍታ ነው፤ ዝቅ ካለ ለዓይን የማይታየው ኢንፍራሬድ፣ ከፍ ሲል ቀይ፣ ይበልጥ ሲል ሰማያዊ። የጋሊየም አርሴናይድ እርከን በጉልበት መለኪያው 1.4 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ቢሆን ነው፤ ለዓይን አይበቃም። ሆሎኒያክ በውስጡ ካለው አርሰኒክ ከፊሉን አውጥቶ ፎስፈረስ ተካበት። እርከኑ ከፍ አለ፣ በዚያው ዓመት በኦክቶበር ቀዩ ብርሃን ፈለቀ!

ፎስፈረሱ ግን እንደልብ አይጨመርም። ወደ ግማሽ ሲጠጋ ኤሌክትሮኑ በቀጥታ መውረዱን ይተውና ጉልበቱ በአብዛኛው ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ሲሊኮንም ጠባዩ ይኸው ነው፤ ከእሱ የተሠራው ጣሪያችን ላይ ያለው ሶላር ብርሃን ይውጣል እንጂ አይተፋም።

ሰማያዊው ብርሃን ሠላሳ ዓመት አስጠበቀ። ጃፓናዊው ሹጂ ናካሙራ እርከኑ 3.4 ኤሌክትሮን ቮልት የሆነውን ጋሊየም ናይትራይድን ከኢንዲየም ጋር አዋህዶ በ1993 ደማቁን ሰማያዊ ብርሃን ሰጪ ክሪስታል፣ ኤልኢዲን፣ አወጣ፤ የሌዘሩም ተራ ብዙ ሳይቆይ ደረሰ። ማታ የምታበሩት ነጭ ባትሪም በውስጡ ያለው ያው ሰማያዊ ነው፤ ብጫ ቅብ ነው ነጭ ያስመሰለው።

አረንጓዴው ሌዘር ደግሞ ተንኮለኛ ነው። በርካሽ ከሚሸጡት ብዙዎቹ መጀመሪያ የሚያመነጩት የማይታየውን ኢንፍራሬድ ነው፤ ወደ አረንጓዴ የሚለውጠው ሌላ ክሪስታል ነው። ኢንፍራሬዱን የሚያስቀረው ማጣሪያ ከተጓደለ አብሮ ይወጣል፤ ዓይን ስለማያየው አይጨፈንለትም። እናም ወገኖቼ፣ ሌዘርን ለልጅ መጫወቻ አትስጡ፤ ወደ ሰው ዓይንም አታብሩ።