የሌሎችን ደመወዝ ያስጨመሩት አለቃ

ዓመቱ 1953 ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት፣ ሃምፕተን ከተማ በሚገኘው የላንግሌይ የበረራ ምርምር ማዕከል፣ ሥራ ከጀመሩ ገና ሁለት ሳምንት የሆናቸው አንዲት ጥቁር የሂሳብ ባለሙያ የበረራ ሙከራ ወደሚያጠናው ክፍል በውሰት ይላካሉ። ካትሪን ጎብል ይባላሉ፤ ኋላ ዓለም ካትሪን ጆንሰን ብሎ ያወቃቸው ናቸው። ለጥቂት ጊዜ የተባለው ውሰት ስድስት ወር ሞላው። ሥራቸው ስለተወደደ መሐንዲሶቹ ሊለቋቸው አልፈለጉም። ስለ ቋሚ ዝውውርም ሆነ ስለ ደመወዝ ግን ትንፍሽ የሚል ጠፋ። መሥሪያ ቤት የኖረ ሰው ይህን ዓይነቱን ዝምታ ያውቀዋል።

ዝምታውን የሰበሩት ባለጉዳይዋ ራሳቸው አልነበሩም። የላኳቸው አለቃ ወይዘሮ ዶሮቲ ቮን ወደ ክፍሉ ኃላፊ ወደ ሄንሪ ፒርሰን ሄደው፣ ወይ ደመወዝ እንዲጨምሩላቸው፣ ወይም ሠራተኛቸውን እንዲመልሱላቸው ቁርጡን ነገሯቸው። ደመወዙም ተጨመረ፤ ዝውውሩም ጸና።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የታወቀ ነው። ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1962 መሬትን የዞሩት ጆን ግሌን ከመነሳታቸው በፊት፣ አዲሱ የኤሌክትሮኒክስ ኮምፒዩተር ያወጣውን ቁጥር ካትሪን ጆንሰን በእጃቸው እንዲያረጋግጡላቸው ጠየቁ። መጽሐፍ ተጻፈ፤ ፊልም ተሠራ፤ በ2015 ፕሬዚዳንት ኦባማ የነፃነት ሜዳሊያ አጠለቁላቸው። ይገባቸዋል። የዛሬው መጣጥፍ ግን ፒርሰን ቢሮ ድረስ ስለሄዱት ሴትዮ ነው።

ዶሮቲ ቮን በ1910 በሚዙሪ ግዛት፣ ካንሳስ ሲቲ ተወለዱ። ኦሃዮ ከሚገኘው የዊልበርፎርስ ዩኒቨርሲቲ በ1929 በሂሳብ ሲመረቁ ገና ሃያ ዓመት አልሞላቸውም ነበር። ያኔ ሂሳብ ለተማረች ጥቁር ሴት ክፍት የነበረው በር አንድ ብቻ ነበር፤ ማስተማር። በቨርጂኒያ ፋርምቪል ከተማ፣ ለጥቁር ልጆች በተለየው የሮበርት ሩሳ ሞተን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሂሳብ አስተማሩ። የዓመት ደመወዛቸው 850 ዶላር ነበር። በ1943 ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ቤተሰባቸውን ለመደጎም በአንድ የጦር ካምፕ የልብስ ማጠቢያ ውስጥ በሰዓት 40 ሳንቲም ሠሩ። የሂሳብ ምሩቅ ነበሩ፣ እናትም ነበሩ።

(ያ ትምህርት ቤት በአሜሪካ ታሪክ የራሱ ስፍራ አለው። በ1951 ባርባራ ጆንስ የተባለች የ16 ዓመት ተማሪ የትምህርት ቤቱን መጨናነቅ በመቃወም ጓደኞቿን አስተባብራ አድማ መታች። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ በትምህርት ቤት የዘር መለያየትን በ1954 ከከለከለው ታላቅ ውሳኔ ጋር ተጠቃለለ።)

ላንግሌይ ያኔ፣ በ1943፣ ናካ በሚባለው የመንግሥት የበረራ ምርምር ተቋም ሥር ነበር፤ ዛሬ ናሳ የምንለው የበቀለው ከዚሁ ነው። ጦርነቱ አውሮፕላን በላይ በላይ ይጠይቃል፤ አውሮፕላኑ ሙከራ ይፈልጋል፤ ሙከራው ደግሞ ቁጥር ያዘንባል። ሞዴሉ በግዙፍ የነፋስ ዋሻ ውስጥ ይሰቀልና ነፋስ ይለቀቅበታል፤ በክንፉ ላይ በየነጥቡ ያረፈው ግፊት ይለካል። ያን ሁሉ ልኬት ተቀብሎ መደመር፣ ማባዛት፣ ሥሩን ማውጣትና ግራፍ ላይ ማስፈር የሰው ሥራ ነበር። ሠራተኞቹ «ኮምፒዩተር» ይባሉ ነበር፤ ማሽኑ ስሙን የወረሰው ከነሱ ነው። ከ1935 ጀምሮ ላንግሌይ ለዚህ ሥራ ነጭ ሴቶችን ይቀጥር ነበር።

ለጥቁር ሴቶች በሩ የተከፈተው በቸርነት አይደለም። የሠራተኛ ማኅበር መሪው ፊሊፕ ራንዶልፍ በ1941፣ በጦር መሣሪያ ፋብሪካዎች ያለው የቅጥር መድልዎ ካልቀረ መቶ ሺህ ጥቁር ሕዝብ ይዤ ዋሽንግተን እገባለሁ ብለው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልትን አስጨነቁ። ሩዝቬልትም በመከላከያ ኢንዱስትሪና በመንግሥት ሥራ የዘር መድልዎን የሚከለክለውን ትእዛዝ ቁጥር 8802 በዚያው ዓመት ጁን ላይ ፈረሙ። ከሁለት ዓመት በኋላ ላንግሌይ የመጀመሪያዎቹን ጥቁር ሴቶች ተቀበለ። ወይዘሮ ቮን በዲሴምበር 1943 ሲገቡ ደመወዛቸው በዓመት 2,000 ዶላር ሆነ። ሥራው ለጦርነቱ ጊዜ ብቻ ነው ተብሎ ነበር።

ትእዛዙ ቅጥሩን ፈቀደ እንጂ የቨርጂኒያን የመለያየት ሕግ አልሻረም። ስለዚህ ጥቁሮቹ ሴቶች በማዕከሉ ምዕራባዊ ክፍል ለብቻቸው ተቀመጡ፤ ክፍሉም ዌስት ኤሪያ ኮምፒዩቲንግ ተባለ። መጸዳጃቸው ለብቻ፣ የምሳ ጠረጴዛቸውም ለብቻ ሆነ። ጠረጴዛው ላይ የጥቁር ኮምፒዩተሮች መሆኑን የሚናገር ትንሽ ካርቶን ተቀመጠ። ከሠራተኞቹ አንዷ ሚሪያም ማን ካርቶኑን አንስተው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ሌላ ተተካ፤ እሱንም ወሰዱት። አስቀማጩ እስኪሰለች ድረስ እንዲህ ቀጠለ፤ በመጨረሻም ካርቶኑ ቀረ።

እስከ 1949 ድረስ የዚህ ክፍል አለቆች ነጭ ሴቶች ነበሩ። በዚያ ዓመት የነበሩት ኃላፊ ሲታመሙ ቦታውን ወይዘሮ ቮን ያዙ፤ በናካ ታሪክ የመጀመሪያዋ ጥቁር የክፍል ኃላፊ። መሥሪያ ቤቱ ግን «ተጠባባቂ» የሚለውን ቃል ከፊታቸው እስኪያነሳ 1951 ገባ። ሥራውን ሙሉ ለሙሉ እየሠሩ ሹመቱን መጠበቅ ማለት ነው።

አለቅነት በዚያ ክፍል ምን እንደነበር ለመረዳት የማዕከሉን ደረጃ ማየት ያስፈልጋል። መሐንዲስ ማለት ባለሙያ ነው፤ ኮምፒዩተሮቹ በአብዛኛው የተመደቡት ከባለሙያ በታች ባለው መደብ ነበር፤ ዲግሪ ያላቸውም ጭምር። በጋራ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጣ ወረቀት የምትቀበል ሴት ቁጥሩ የምን እንደሆነ እንኳ ላይነገራት ይችላል። የእድገት መንገዱ አንድ ነበር፤ ከጋራ ክፍሉ ወጥቶ የአንድ መሐንዲስ ቡድን አባል መሆን። እዚያ ጥያቄ መጠየቅ፣ ሙከራውን ማየት፣ ሲሆንም በጥናቱ ላይ ስምን ማስፈር ይቻላል። እንግዲህ ማን፣ መቼ፣ ወደ የትኛው ቡድን ትላክ የሚለውን የሚወስን ሰው የሴቶቹን ዕድሜ ልክ ሥራ በእጁ ይዟል። ያ ሰው ዶሮቲ ቮን ነበሩ። መሐንዲሶቹ የትኛዋ ለየትኛው ሥራ እንደምትሆን ምክራቸውን ይጠይቁ ነበር፤ የከበደውን ሥራ ደግሞ ራሳቸው እንዲይዙላቸው ይለምኗቸው ነበር። በሌላ ክፍል ላሉ ነጭ ኮምፒዩተሮችም እድገት ሲገባቸው ይሟገቱ እንደነበር ናሳ ራሱ ጽፏል። በዘር በተለያየ መሥሪያ ቤት ውስጥ ጥቁሯ አለቃ ለነጯ ሠራተኛ ደመወዝ መከራከራቸው፣ ስለ ወይዘሮዋ ከማንኛውም ሜዳሊያ በላይ ይናገራል ብዬ አምናለሁ።

በ1951 ሜሪ ጃክሰን የተባሉ የሃምፕተን ተወላጅ፣ የሂሳብና የፊዚካል ሳይንስ ምሩቅ፣ በወይዘሮ ቮን ሥር ተቀጠሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ለሥራ ወደ ምሥራቁ ክፍል ተላኩና እዚያ ያሉትን ነጭ ሴቶች መጸዳጃ ቤቱ የት እንደሆነ ጠየቁ፤ ሴቶቹ ሳቁባቸው። ንዴታቸው ሳይበርድ መንገድ ላይ ካዚሚየርዝ ዛርኔትስኪ ከሚባል መሐንዲስ ጋር ተገናኙና ሆዳቸው ያለውን ዘረገፉት። ሰውየው አዳመጠና ከእኔ ጋር ሥሪ አላቸው። የሱ ሥራ ደግሞ 60,000 የፈረስ ጉልበት ባለው፣ ከድምፅ ፍጥነት ወደ እጥፍ የሚጠጋ ነፋስ በሚያነፍሰው ዋሻ ውስጥ ነበር። ቆይቶም መሐንዲስ እንዲሆኑ ገፋፋቸው። ትምህርቱ የሚሰጠው ግን በነጮች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስለነበር፣ እዚያ ክፍል ለመግባት ከሃምፕተን ከተማ አስተዳደር ልዩ ፈቃድ መጠየቅ ነበረባቸው። ጠየቁ፤ ተፈቀደላቸው፤ በ1958 የናሳ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት መሐንዲስ ሆኑ።

ያው 1958 ለወይዘሮ ቮን ሌላ ነገር ይዞ መጣ። ናካ ናሳ ሲሆን በዘር የተለያዩ ክፍሎች ተሻሩ፤ ዌስት ኤሪያ ኮምፒዩቲንግም ተዘጋ። መዘጋቱ መልካም ዜና ነው፤ ማንም አይክደውም። ነገር ግን ክፍሉ ቀድሞውኑ ሳስቶ ነበር። ያሳሱት ደግሞ፣ ሴቶቹን አንድ በአንድ ወደ መሐንዲሶቹ ቡድን ሲያሻግሩ የኖሩት አለቃዋ ራሳቸው ናቸው። የተሻገሩት ቦታ አገኙ፤ አሻጋሪዋ ሥልጣናቸውን አጡ። ወይዘሮ ቮን ሴትና ወንድ፣ ጥቁርና ነጭ ተቀላቅሎ ወደሚሠራበት አዲስ የኮምፒዩተር ክፍል ገቡ፤ ፎርትራን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ተምረው አዋቂ ሆኑ፤ በስካውት ሮኬት ፕሮግራምም ሠሩ። የኃላፊነት ቦታ ግን ደግመው ቢጠይቁም አላገኙም። በ1971 ጡረታ ወጡ።

በ2016 የወጣው «ሂደን ፊገርስ» ፊልም ላይ ያለኝ ቅሬታ ከዚህ የሚነሳ ነው። ፊልሙ ዶሮቲ ቮንን በ1961 የክፍል ኃላፊነት ማዕረግ ተነፍጓቸው ሲለምኑ ያሳየናል። እውነቱ ግን በ1961 ማዕረጉን አግኝተው፣ ዘጠኝ ዓመት መርተው፣ ክፍሉም ከተዘጋ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር። ማዕረጉን ስለመከልከል የሚተርክ ፊልም ከነበራቸው ማዕረግ ላይ ዘጠኝ ዓመት ፋቀባቸው። የመጸዳጃ ቤቱንም ምልክት የሚሰብር ነጭ አለቃ ፈጥሮ አጨበጨብንለት፤ ካርቶኑን በቦርሳቸው የወሰዱት ሚሪያም ማን ግን ፊልሙ ላይ የሉም። ፊልሙ የተመሠረተበት የማርጎት ሊ ሸተርሊ መጽሐፍ ከፊልሙ እጅግ ይሻላል። ጸሐፊዋ አባታቸው ላንግሌይ የሠሩ ሳይንቲስት ስለሆኑ ከነዚሁ ቤተሰቦች መካከል ያደጉ ናቸው።

የሜሪ ጃክሰን መጨረሻ ከአለቃቸው ተቃራኒ ነው፤ ወይዘሮ ቮን የተወሰደባቸውን ዓይነት ሥራ እሳቸው በፈቃዳቸው መረጡት። እስከ 1979 ድረስ አሥራ ሁለት ያህል የጥናት ሪፖርቶችን ብቻቸውን ወይም ከሌሎች ጋር ጽፈዋል። ከዚያ በላይ ያለው የኃላፊነት ደረጃ ግን አልከፈት አላቸው። ያኔ የመሐንዲስነት ደረጃቸውን ዝቅ አድርገው የላንግሌይ የሴቶች ፕሮግራም ኃላፊ ሆኑ። ሴቶቹ ለምን ከፍ እንደማይሉ ሲያጣሩ ምክንያቱ አንዳንዴ ሁለት ኮርስ መጉደል፣ አንዳንዴ የተመደቡበት ክፍል ወይም የሚሰጣቸው የሥራ ዓይነት ሆኖ አገኙት። እነዚህ በምክርና በወረቀት የሚቃኑ ናቸው፤ የማይቃነውም እንዳለ ያውቁ ነበር። በ1985 ጡረታ እስኪወጡ ይህንኑ ሠሩ። ከደረጃ መውረዳቸውን እንደ መስዋዕትነት ብቻ የሚያዩት አሉ። እኔ ግን አንዲት ሙከራ አዋቂ መሐንዲስ ችግሩ ከዋሻው ወደ ቅጥር ክፍሉ መዛወሩን አይታ የተከተለችው ይመስለኛል።

ችግሩ ለመኖሩ ክሪስቲን ዳርደን ምስክር ናቸው። በ1967 በማስተርስ ዲግሪ ላንግሌይ ሲገቡ የተመደቡት እንደ ቀደሙት እናቶች በሂሳብ ሠራተኞች ክፍል ነበር። የእሳቸው ዓይነት ትምህርት ያላቸው ወንዶች ለምን በቀጥታ መሐንዲስ እንደሚሆኑ ትልቁን አለቃ ፊት ለፊት ጠየቁ፤ ተዛወሩ፤ ከድምፅ የፈጠነ አውሮፕላን በሚፈጥረው የድምፅ ፍንዳታ ጥናት የታወቁ ተመራማሪም ሆኑ።

ክብሩ የመጣው ዘግይቶ ነው። ሜሪ ጃክሰን በ2005፣ ዶሮቲ ቮን በ2008 ዓረፉ። ዋሽንግተን የሚገኘው የናሳ ዋና መሥሪያ ቤት ከ2021 ጀምሮ የሜሪ ጃክሰን ስም ተጽፎበታል። በጁላይ 2024 ሂውስተን ያለው የጆንሰን የጠፈር ማዕከል አንዱን ሕንፃ በዶሮቲ ቮን ስም ሰየመ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 18 ቀን የአሜሪካ ምክር ቤት በ2019 በወጣው ሕግ መሠረት የኮንግረስ የወርቅ ሜዳሊያዎችን ሰጠ፤ ለጆንሰን፣ ለቮን፣ ለጃክሰንና ለዳርደን። ከአራቱ በሕይወት የነበሩት ዳርደን ብቻ ናቸው።

አምስተኛ ሜዳሊያም ነበር። እሱ ለማንም በስም አልተሰጠም፤ ከ1930ዎቹ እስከ 1970ዎቹ በናካና በናሳ በኮምፒዩተርነት፣ በሂሳብና በምህንድስና ላገለገሉ ሴቶች ሁሉ የተበረከተ ነው። ዶሮቲ ቮን ሌት ተቀን ደመወዛቸውን ሲያስጨምሩላቸው፣ ሲያዛውሯቸው፣ ሲሟገቱላቸው የኖሩት ሠራተኞች፣ ሚሪያም ማንን ጨምሮ፣ የተካተቱት በዚህኛው ነው።