ኖርማሊ ኦፕን እና ኖርማሊ ክሎዝድ ስዊች

ኖርማሊ ኦፕን (ኤንኦ) እና ኖርማሊ ክሎዝድ (ኤንሲ) የስዊች፣ የቁልፍና የሪሌይ ኮንታክቶች ሁለት ዓይነቶች ናቸው። ኤንኦ ሳይነካ ክፍት ስለሆነ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ ሲጫኑት ይገጥማል። የበር ደወል ቁልፍ እንዲህ ያለ ነው። ኤንሲ ደግሞ ሳይነካ የገጠመ ነው፤ ሲጫኑት ይለያያል።

«ኖርማሊ» የሚለው ስዊቹ ምንም ሳይጫነው፣ ከካርቶኑ እንደወጣ ያለበትን ሁኔታ እንጂ መሣሪያ ላይ ተገጥሞ የሚውልበትን ሁኔታ አይገልጽም። ጀማሪ ባለሙያ በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የፍሪጅ መብራት ስዊች በሩ ተጭኖት ቀኑን ሙሉ ተለያይቶ ይውላል፤ ሆኖም ኤንሲ ነው፤ በሩ ሲለቀው ይገጥምና መብራቱ ይበራል።

የከባድ መኪና የአየር ፍሬን ማስጠንቀቂያ ስዊችም የዚሁ ወገን ነው። ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወስደው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ስለሚወርድ፣ ለሾፌሩ የፍሬን አየር ነገር ዋዛ አይደለም። በጋኑ ውስጥ በቂ አየር ሲኖር ግፊቱ ኮንታክቱን ለያይቶ ይይዘዋል፤ አየሩ ሲያንስ ስፕሪንጉ ያገጥመውና ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት ይበራል። የዚህ አሠራር ድክመት የስዊቹ ገመድ ቢበጠስ መብራቱ ዝም ማለቱ ነው። ስለዚህ ጋኑ ባዶ ሳለ ቁልፍ ሲዞር መብራቱ ካልበራ፣ ቁልቁለቱን ከመጀመር በፊት መስመሩን ማስፈተሽ ያስፈልጋል።

በኤሌክትሪክ ወፍጮ ላይ ሁለቱ ዓይነቶች አብረው ይሠራሉ። በኢትዮጵያ የወፍጮ ሞተር በአብዛኛው በ380 ቮልት ባለ ሦስት ፌዝ መስመር ይሠራል፤ የሚያስነሳውም ኮንታክተር (በኮይል የሚሳብ ስዊች) ነው። አረንጓዴው ማስነሻ ቁልፍ ኤንኦ፣ ቀዩ ማቆሚያ ኤንሲ ነው። ማስነሻው ሲጫን ኮይሉ ኮንታክተሩን ይስባል፤ ጣት ከቁልፉ ሲነሳ ከማስነሻው ጎን የተሰመረው የኮንታክተሩ ረዳት ኤንኦ ኮንታክት መስመሩን ይዞ ያቆየዋል። መብራት ሲጠፋ ኮይሉ ይለቃል፤ ሲመለስም ሰው ማስነሻውን ካልተጫነ ሞተሩ በራሱ አይነሳም። ቺንጋ ሲያስተካክል መብራት ለመጣበት ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ማቆሚያው ለምን ኤንሲ ሆነ? ወፍጮ ሲፈጭ ይንቀጠቀጣል፣ የገመድ ብሎን ይላላል። የማቆሚያው ገመድ ሲወልቅ ሞተሩ ወዲያው ይቆማል፤ ብልሽቱ ያኔውኑ ይታወቃል። ማቆሚያው በኤንኦ ቢሠራ ኖሮ ግን የወለቀው ገመድ የሚታወቀው ሰው ሊያቆም ተጭኖ እምቢ ሲለው ነበር። ሞተሩ ከአቅሙ በላይ ሲጫን የሚያቆመው ኦቨርሎድም ኮይሉን የሚያቋርጠው በኤንሲ ኮንታክት ነው፤ ቁጥሩ 95 እና 96 ነው።

በቁልፎችና በረዳት ኮንታክቶች ላይ በ1 እና በ2 የሚያልቁ ቁጥሮች (ለምሳሌ 21 እና 22) ኤንሲን፣ በ3 እና በ4 የሚያልቁት (13 እና 14) ኤንኦን ያመለክታሉ። ጽሑፉ ከጠፋ መስመሩን አቋርጦ፣ ገመዶቹን ፈትቶ በቴስተር መለካት ነው፤ ሳይጫኑት የሚጮኸው ኤንሲ ነው።

የተበላሸ ማቆሚያን ዳይሬክት አድርጎ ሥራ መቀጠል የተለመደ ቢሆንም ወፍጮውን ያለ ማቆሚያ ያስቀረዋል፤ ቁልፉ እስኪቀየር ወፍጮው ይቁም።