ማታ የሚፈቅድ ከተማ፣ ማታ የማይፈቅድ መንገድ፦ ወደ መርካቶ የሚጭኑ የረጅም ርቀት ሾፌሮች የክረምት ኑሮ

ሐምሌና ነሐሴ በአዲስ አበባ ዝናብ የሚበረታባቸው፣ በጅቡቲ ደግሞ ሙቀት የሚያይልባቸው ወራት ናቸው። ወደቡ አካባቢ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል፤ ካምሲን የሚባለው ደረቅ ነፋስም አቧራ ይዞ ይመጣል። በጋላፊ፣ በሰመራ፣ በሚሌና በአዋሽ አድርጎ ወደ መሀል አገር የሚገባ ሾፌር ሁለቱንም በአንድ ቢያጆ ይቀምሳቸዋል። ከባሕር ዳርቻ ተነሥቶ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድቶ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ወዳለች ከተማ ይደርሳል። አፋር ላይ ላብ ያጠመቀው ሰው ማታ ጋቢናው ውስጥ ብርድ ልብስ ደርቦ ያድራል።

በአገራችን ስለ ከባድ መኪና ሾፌሮች የተጻፈው በአብዛኛው ስለ ኤች.አይ.ቪ.፣ ስለ ጫትና ስለ ትራፊክ አደጋ ነው። ጥናቶቹ ይጠቅማሉ። ይሁንና ሾፌሩ በብዙዎቹ ውስጥ የሚታየው ለሌላው ሰው በሚያመጣው ጠንቅ በኩል ነው። የት ይተኛል፣ የት ይታጠባል፣ ቆሞ ለሚውልበት ቀን ማን ይከፍለዋል የሚሉት ጥያቄዎች ብዙም አልተነሡም። በእኔ ግምት የክረምቱ ዋና መከራ ያለው መኪናው ሲቆም ነው።

መርካቶ የተቆረቆረው በጣሊያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) የአገሬው ገበያ ከአራዳ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ሲዛወር ነው። መንገዶቹ ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር ታስቦባቸው አልተቀየሱም። ስለዚህ ከጅቡቲ የመጣው ኮንቴይነር ብዙውን ጊዜ ሞጆ ደረቅ ወደብ ወይም ቃሊቲ ይራገፍና ዕቃው በአይሱዙ ወደ ገበያው ይገባል። በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራ የጀመረው የኢትዮ-ጅቡቲ ባቡርም ጭነቱን መርካቶ ደጃፍ አያደርስም፤ የመጨረሻው ጉዞ ያው የመኪና ነው። ከጎጃም፣ ከወለጋና ከአርሲ እህል የጫኑት ደግሞ መርካቶ አካባቢ ወዳለው እህል በረንዳ ይመጣሉ፤ ሲመለሱም ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ ፕላስቲክና ጨርቃ ጨርቅ ይጭናሉ።

ከ2011 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ የከተማው አስተዳደር የጭነት መኪኖችን የቀን እንቅስቃሴ ገድቧል። መጨናነቅን ለመቀነስ የወጣ ስለሆነ ምክንያቱ አይነቀፍም። ነገር ግን ጎህ ሲቀድ የደረሰ ሾፌር እስኪመሽ ከተማው ዳር መጠበቅ አለበት። ሲመሽ ይገባል፤ ያኔ ደግሞ ዝናቡ ይጀምራል። ስኳር፣ ዱቄት፣ እህልና ሲሚንቶ በዝናብ አይራገፍም። ጫኝና አውራጆች በረንዳ ሥር ይጠለላሉ፣ ሸራው እንደታሰረ ይቆያል፣ የሚፈቀደው ሰዓት ያልቃል። በሸራው ቀዳዳ የገባ ውኃ ዕቃውን ካበላሸው ደግሞ ባለንብረቱ ሒሳቡን ከሾፌሩ ኪስ ሊቆርጥ ይሞክራል።

በዚህ ላይ የአገር አቋራጩ መንገድ ሕግ ሌላ ነው። ባለፉት ዓመታት በአማራና በኦሮሚያ ክልሎች ሾፌሮችን አግቶ ገንዘብ መጠየቅ በመበራከቱ፣ ብዙዎች ከመምሸቱ በፊት ከተማ ገብተው ማደርን መርጠዋል። መንገዱ በቀን ብቻ ንዳ ይላል፤ አዲስ አበባ በሌሊት ብቻ ግባ ትላለች። እንቅልፍ በሁለቱ መካከል የትም ቦታ የለውም። ክረምት ይህን ያከፋዋል፤ ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን በሚወስደው የዓባይ በረሃ ናዳና ጭቃ አለ፣ በደሴ መስመር ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ጭጋግ ይጋርዳል። በቀን ብርሃን የሚደረስበት ቦታ በዚያው ልክ ያጥራል። ማዳበሪያ ለገበሬው በጊዜ እንዲደርስ ቅድሚያ የሚሰጠውም በዚሁ ሰሞን ነው፤ መንገዱ ሲከፋ የጭነቱ ጥድፊያ ይብሳል።

አልጋ ይዞ መተኛት የማይቻለው ገንዘብ ስለሌለ ብቻ አይደለም። መኪናውን ጥሎ ከሄደ ነዳጅ ይቀዳል፣ ስኮርታና ባትሪ ይፈታል። ስለዚህ ሾፌሩ ጋቢና ውስጥ ተጣጥፎ፣ ረዳቱ ደግሞ ጭነቱ ላይ ሸራ ሥር ያድራሉ። መጸዳጃ ለማግኘት ሻይ ቤት ገብቶ አንድ ነገር ማዘዝ ያስፈልጋል። (ረዳቶችን ጥናትም ሆነ ማኅበር እምብዛም አያስታውሳቸውም፤ ራሱን የቻለ ምርምር የሚገባው ጉዳይ ነው።)

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 አድርጎታል። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጣው ስምምነት ቁጥር 153 ደግሞ በመንገድ ትራንስፖርት ያለ ዕረፍት ከ4 ሰዓት በላይ ተከታታይ መንዳትን ይከለክላል። በቢያጆ ለሚከፈለው ሰው ግን እነዚህ ቁጥሮች ትርጉም የላቸውም። ቆሞ የዋለበት ሰዓት እንደ ሥራ አይቆጠርለትም፤ ያንን ለማካካስ በሚነዳበት ቀን ይሮጣል። ድካምን ከአደጋ ጋር የሚያያይዙ ባለሙያዎች ምክንያቱን ከሾፌሩ ጠባይ በፊት ከአከፋፈሉ ውስጥ ቢፈልጉት ይሻላል።

የሰዓት ገደብ ማውጣት የቻለ አስተዳደር በከተማዋ መግቢያ በሮች ላይ ጥበቃ፣ መጸዳጃና መታጠቢያ ያለው መቆሚያ የማዘጋጀት ግዴታም አለበት። ባለንብረቶችና የትራንስፖርት ማኅበራት በበኩላቸው የመጠበቂያ ክፍያን በጭነት ውሉ ላይ ይጻፉ፤ የሚመለከተው መሥሪያ ቤትም ከመጪው ክረምት በፊት ይህን አስገዳጅ ያድርገው።