ጠመንጃው፣ ማረሻውና ጫካው፦ የምዕራብ ሸዋ አራዊት በምን ጠፉ?

የዱር አራዊት መመናመን በተነሳ ቁጥር ጣት የሚቀሰረው በአዳኝ ላይ ነው። ዝሆን ጥሎ የፎከረው፣ የነብር ለምድ የደረበው፣ ጠመንጃ ይዞ ዱር የወረደው ሁሉ ተጠያቂ ይሆናል። ክሱ እውነት አለው። ከሆለታ እስከ አምቦ፣ ከዚያም ወደ ጉደርና ወደ ጅባት ተራራ በሚዘልቀው የእርሻ አገር ግን ጠመንጃ ካጠፋው ይልቅ ማረሻና ምሳር ያጠፉት ይበልጣል። ሕጋችን ለብዙ ዘመን ዓይኑን የጣለው በአዳኙ ላይ ስለነበር የአውሬው ቤት ሲፈርስ ከልካይ አልነበረም። ዛሬም አደን መከልከልን ብቻ ጥበቃ ብለን ከቀጠልን የቀረውንም ለማጣት መንገድ ላይ ነን።

አዳኙን ነጻ ለማውጣት አልሞክርም። ትልቅ አውሬ መግደል በአማራውም በኦሮሞውም ዘንድ ከጦር ሜዳ ጀግንነት ጋር የሚወዳደር ክብር ነበረው። ዝሆን የጣለ ሰው አርባ ሰው እንደገደለ ይቆጠርለት እንደነበር በየዘመኑ ያለፉ ተጓዦች ጽፈዋል። ጦርና ፈረስ ብቻ በነበረበት ዘመን ይህ ክብር ብዙ ሕይወት የሚያስከፍል ስለነበር አደኑ በራሱ ልክ ነበረው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጠመንጃ በገፍ ሲገባ ግን ልኩ ፈረሰ። የዝሆን ጥርስ የመሣሪያ መግዣ ሆነ። የጉሬዛ ቆዳ አውሮፓ ውስጥ የልብስ ጌጥ በመሆኑ በብዛት ወደ ውጭ ተላከ። በምኒልክ ዘመነ መንግሥት መጨረሻ ዓመታት የዝሆን አደንን የሚገድብ ደንብ መውጣቱም አደጋው ያኔውኑ መታወቁን ይመሰክራል። ዝሆንና ጎሽን ከመሐል አገሩ ደጋ ያባረረ ማን ነው ከተባለ መልሱ ከሞላ ጎደል ጠመንጃ ነው።

የቀሩትን እንስሳት ስናይ ግን ነገሩ ይለወጣል። በወጨጫ ተራራ ላይ ባለው የመናገሻ ሱባ ደን፣ ከጊንጪ በላይ ባለው የጭሊሞ ደን፣ በምዕራብ ደግሞ በጅባት ደን ውስጥ እስከ ዛሬ ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ይዘላል፤ የምኒልክ ድኩላ በቁጥቋጦው መሐል ይሰማራል፤ ነብርም ቢሆን ጨርሶ አልጠፋም። ከሦስቱ ደኖች ጥቂት ራቅ ብሎ ባለው የጤፍና የስንዴ ማሳ ላይ ከነዚህ አንዱም የለም። በደኑ ዳር ያለው ገበሬና በሜዳው ያለው ገበሬ አንድ ሕዝብ ናቸው፤ ባህላቸው አንድ ነው፤ የተገዙበትም ሕግ አንድ ነው። አደን ብቻውን አራዊቱን ጨርሶ ቢሆን ኖሮ ለአዳኝ በሚቀርቡት፣ መሸሸጊያቸውም በሚታወቅ በነዚህ ቁራጭ ደኖች ውስጥ አስቀድመው ባለቁ ነበር። ልዩነቱ የዛፍ መኖርና አለመኖር ነው። ጉሬዛ የሚበላው የአገር በቀል ዛፍ ቅጠልና ፍሬ ነው። ድኩላም ጥቅጥቅ ያለ መሸሸጊያ ይፈልጋል። ጥዱ፣ ዝግባው፣ ወይራውና ጥቁር እንጨቱ ሲቆረጡ እነርሱን ለማጥፋት አንዲት ጥይት እንኳ አያስፈልግም።

ዛፉስ በምን አለቀ? አዲስ አበባ በተመሠረተች በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዙሪያዋ ያለውን እንጨት ጨረሰች። ምኒልክ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ ከዋና ከተማዋ በስተምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ወደምትገኘው አዲስ ዓለም መናገሻቸውን ለማዛወር ግንባታ ያስጀመሩበት አንዱ ትልቅ ምክንያት የማገዶ እጦት ነበር። የአዲስ ዓለም ደን ለአዲሱ ቤተ መንግሥት እንዲሆን ታስቦ ነበር ማለት ነው። ኋላ ግን ሐሳቡ ቀረ፤ ለቤተ መንግሥት የተጀመረውም ሕንፃ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። አዲስ አበባን ካለችበት እንዳትነቀል ካደረጓት ነገሮች ዋናው ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ወደ አዲስ ዓለም የተጠረገው መንገድ ግን አልተዘጋም። በኋላ በአምቦ በኩል ወደ ነቀምት የዘለቀው ይኸው መስመር የምዕራብ ሸዋን እህል ብቻ ሳይሆን እንጨቱንና ከሰሉንም ወደ ዋና ከተማዋ አጓጓዘ። በዘመናት ውስጥ የጫካውን ዳር የበላው ይህ በየቀኑ የሚደረግ ጭነት ነው። ፎካሪ የለውም፣ ግዳይም አይቆጠርበትም፤ ስለዚህም በታሪካችን ውስጥ ቦታ አላገኘም።

ሕጉ ከዚህ እውነት ኋላ ቀርቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1944 የወጣው አዋጅ ቁጥር 61 ስለ አደን ፈቃድና ስለሚከለከሉ እንስሳት የሚናገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የዱር እንስሳት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፤ አዋሽና ሰሜን ተራሮችም ብሔራዊ ፓርክ ሆኑ። ትልቅ ሥራ ነበር። ሆኖም ጥበቃ ማለት ሰው ከሚኖርበት ርቆ የተከለለ ቦታ ማለት ሆኖ ቀረ፤ እንደ ምዕራብ ሸዋ ሰውና ጫካ ተደበላልቀው ለሚኖሩበት አገር የሚሆን ሐሳብ አልመጣም። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኛውን ከባላባት ነጻ ቢያወጣም ታላላቆቹን ደኖች የመንግሥት አደረጋቸው። በደኑ ዳር የሚኖረው ሰው ከዚያ በኋላ ከዛፉ ጋር ያለው ግንኙነት የጥበቃ ሠራተኛ ዓይን እስኪዞር መጠበቅ ሆነ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥና ጠባቂው ሲጠፋ በአገሪቱ ብዙ ቦታ ደን በቀናት ውስጥ የተመነጠረው በዚህ ምክንያት ነው። የራሴ ነው የሚለው ሰው አልነበረውም።

አንድ የታሪክ ምሁራን ተቃውሞ እዚህ ላይ መነሳት አለበት። ኢትዮጵያ ከመቶ ዓመት በፊት 40 በመቶዋ በደን ተሸፍኖ ነበር የሚለው በየመድረኩ የሚደጋገም ቁጥር ጠንካራ ማስረጃ እንደሌለው ጄምስ ማካን የተባሉ የታሪክ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጽሑፍ አሳይተዋል። የደጋው ትልቅ ክፍል ከጥንት ጀምሮ የሣርና የማረሻ አገር ነበር። ይህን እቀበላለሁ፤ የተጋነነ ቁጥር ለጥበቃ ጠላት እንጂ ወዳጅ አይደለም። ግን ምሁሩ የነቀፉት ስለ መላው አገር የተነገረውን ድምር ነው። የጭሊሞና የጅባት ደን መጥበብ ግን ዛሬ በሕይወት ያሉ ሰዎች በዓይናቸው ያዩት ነው። እንዲያውም ደኑ ድሮም ጥቂት ከነበረ የቀረው እያንዳንዱ ቁራጭ ይበልጥ ውድ ይሆናል። ደግሞም የምዕራብ ሸዋ ከፍታ ወንዞች ወደየአቅጣጫው የሚለያዩበት ነው፦ አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ይነሳል፣ ጉደር ወደ ዓባይ ይወርዳል፣ በደቡብ ያለውም ውሃ ወደ ጊቤና ኦሞ ይሄዳል። እዚህ የሚቆረጠው ዛፍ ጉዳቱ እስከ አፋር በረሃ ይወርዳል።

ከሁሉ የሚከብደው የገበሬው ጥያቄ ነው። ዝንጀሮና ጦጣ በቆሎውን ይገነጥላሉ፣ የዱር አሳማና ጃርት ድንቹን ይቆፍራሉ፣ ጅብና ነብር በጉን ይወስዳሉ። ሰብል ሲደርስ ቤተሰብ በሙሉ በማማ ላይ ያድራል፤ ልጆችም ለጥበቃ ሲሉ ከትምህርት ይቀራሉ። ለጠፋው እህል የሚከፈል ካሳ በተግባር የለም። ለዚህ ሰው «የምኒልክ ድኩላ በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ ነው» ብሎ መስበክ ስድብ ይሆናል። ሆኖም ገበሬውን የሚያስለቅሱት እንስሳት ባብዛኛው ጫካ ቢያልቅም ከማሳ ጋር ተላምደው የሚቀሩት ናቸው። ጋና ውስጥ አንበሳና ነብር ሲመናመኑ የዝንጀሮው ቁጥር እንደጨመረ፣ በእርሻም ላይ ያለው ወረራ እንደበረታ ተመራማሪዎች መዝግበዋል። ጫካውን አጥፍቶ ከዝንጀሮ መገላገል አይቻልም፤ የሚጠፋው ዝንጀሮውን የሚይዘው ነብር ነው። ቢሆንም ኪሳራው የእውነት ነው፤ ኪሳራውን ደግሞ ደሀ ገበሬ ብቻውን መሸከም የለበትም።

መልሱን ሩቅ አገር መፈለግ አያሻም። በጭሊሞ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ፣ ፋርም አፍሪካ የተባለው ድርጅት በረዳው ሥራ፣ በደኑ ዙሪያ ያሉ ነዋሪዎች በማኅበር ተደራጅተው ከመንግሥት ጋር ውል ገቡ። ማገዶውን፣ ማሩንና ሣሩን በልክ ይጠቀማሉ፣ በምላሹ ደኑን ይጠብቃሉ። በአገራችን አሳታፊ የደን አስተዳደር ከሚባለው ቀደምት ሙከራ አንዱ ይህ ነው። እንከን የለሽ አይደለም፤ ስርቆትና የጥቅም ክፍፍል ክርክር አላጣውም። ግን ሰዉ ደኑን እንዴት እንደሚያይ ለመረዳት ኅዳር 2008 ዓ.ም.ን ማስታወስ ይበቃል። ያኔ በጊንጪ ተማሪዎች አደባባይ የወጡበት፣ በኋላም መላ ኦሮሚያን ያዳረሰው ተቃውሞ የተቀሰቀሰበት አንዱ ምክንያት የከተማው የኳስ ሜዳና የጭሊሞ ደን ለባለ ሀብት ሊሰጡ ነው የሚለው ቁጣ ነበር። ከአንድ ትውልድ በፊት ጠባቂ ዞር ሲል ደን በሚመነጠርበት አገር ወጣቶች ስለ ደን ሲሉ ጥይት ፊት ቆሙ።

ባሕር ዛፍ አለ፣ ኮረብታውም አረንጓዴ ነው የሚል ሰው ይኖራል። ባሕር ዛፍ ለገበሬው ገንዘብ፣ ለከተማውም ማገዶ ነው፤ ባይኖር ኖሮ የመጨረሻው ጥድ ዛሬ ከሰል ሆኖ ነበር። ለዚህ ባለውለታ ነው። ለጉሬዛ ግን ምግብ አይሆንም፤ ለድኩላም በሥሩ መሸሸጊያ አያበቅልም። ቦታው የተራቆተው መሬትና የቤት ጓሮ ነው፤ የአገር በቀል ደን ቦታ ግን አይደለም። ስለዚህ የኦሮሚያ ክልል መንግሥት የጭሊሞንና የጅባትን ደን ድንበር በካርታ ይለይ፤ የማኅበራቱን ውል በሕግ የጸና የይዞታ መብት ያድርገው፤ በአውሬ ለጠፋ ሰብልና ከብት የሚከፈል ቋሚ የካሳ ገንዘብ ያቋቁም። በአካባቢው ያለው አምቦ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በነዚህ ደኖች ውስጥ ስንት ጉሬዛ፣ ስንት ድኩላ እንዳለ በየዓመቱ ይቁጠርና ለሕዝብ ያሳውቅ።